ጀነሬሽኑ ስንት ነው?

ድሮ ልጅ ለመዳር ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ወደ ኋላ ይኬድና ሰባት ሳይሞላ ዝምድና የተገኘ እንደሆነ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ይህን ሙያ ከሽማግሌዎች የተረከቡት የላፕቶፕ ነጋዴዎች ናቸው። መገናኛ ሂዱ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም ዙሪያ ግቡ፤ ላፕቶፓችሁን ከቦርሳ ሳታወጡት የሚቀድማችሁ ጥያቄ «ጀነሬሽኑ ስንት ነው?» የሚል ነው። ትውልዱ ስንተኛ ነው ማለታቸው ነው። አራተኛ ካላችሁ ከንፈር ይመጠጥላችኋል። ስድስተኛ ካላችሁ «እሱም እያለፈበት ነው» ትባላላችሁ። ወንበር የሚቀርብላችሁ ስምንተኛና ከዚያ በላይ ያላችሁ እንደሆነ ነው።

ምን ቁም ነገር ጠፍቶ ነው ስለ ላፕቶፕ ትውልድ የሚጻፈው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቁም ነገሩ ገንዘብ ነው፤ ከገንዘቡም በላይ፣ ያለንን ዕቃ «ሞቷል» ብሎ የመፍረድ ሥልጣን የማን ነው የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ወራት ሳይቆይ ከ120 ብር አልፏል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ነው። ደመወዙ በብር እየተከፈለው ዕቃ በዶላር የሚገዛ ሕዝብ «ጣለውና ሌላ ግዛ» ሲባል፣ ቢያንስ ለምን ብሎ መጠየቅ አለበት። ሳንጠይቅ ስንጥል አያለሁ፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚህ ነው።

የራሴን ላስቀድም። የምኖረው አያት ነው፤ ሰፈሩም አያት፣ ላፕቶፔም አያት። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ440ፒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ ከቀረቡት ነው። በትርጉምና በእርማት ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝና ቀኑን ሙሉ ከጽሑፍ ሌላ የምጭንበት ነገር የለም። መብራት በሚጠፋባቸው ማታዎች (ሰፈራችን በዚህ አይታማም ማለት አልችልም) ባትሪውን ተማምኜ ብዙ መጽሐፍ አርሜበታለሁ። አምና ግን መንፏቀቅ ጀመረ። ጠዋት አብርቼው አቦል ጠጥቼ ቶናው እስኪቀርብ ድረስ የምሠራበት ገጽ አይከፈትልኝም ነበር።

መገናኛ ወርጄ ሁለት ሱቅ ገባሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ነገሩ የሁለት ሱቅ ጉዳይ አይደለምና። የመጀመሪያው ልጅ ተለጣፊዋን አየና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አራተኛ ጀነሬሽን ነው። አይድከሙ፤ ይሽጡትና ጨምረው ስምንተኛ ይውሰዱ» አለኝ። ይሸጥልዎታል ብሎ የነገረኝ ዋጋ የአንድ ደህና ጫማ ዋጋ አይሞላም። ሁለተኛው አዛኝ ቢጤ ነው። «አይጣሉት፤ ፕሮሰሰሩን አይ ሴቨን እናድርግልዎትና እንደ አዲስ ይሆናል» አለ። እነዚህ ሁለት ልጆች የተለያየ ነገር የተናገሩ ይመስላሉ፤ አንድ ናቸው። ሁለቱም በሽታው ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው ብለው የፈረዱት አንድ ብሎን ሳይፈቱ፣ አንድ ቁልፍ ሳይነኩ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄደን ዕድሜያችንን ብቻ ጠይቆ «ልብዎ ይቀየር» ቢለን ዝም እንላለን?

ይህ ፕሮሰሰርን የማምለክ ልማድ ከየት መጣ? እኔ ከጋራዥ የመጣ ይመስለኛል። እኛ ሞተር እያወረድን የኖርን ሕዝብ ነን። አሮጌ ቮልስዋገን በከተማችን ዛሬም የሚታየው፣ ላዳ ያንን ሁሉ ዘመን ታክሲ ሆኖ ያገለገለው፣ ሞተሩ እየወረደ፣ እየታደሰ፣ አንዳንዴም ጭራሽ እየተቀየረ ነው። የሚያስመሰግን ባህል ነው፤ ማንም መካኒኮቻችንን እንዲያጣጥልብኝ አልፈቅድም። ነገር ግን ከመኪና የተማርነውን እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር አሻገርነውና «ሞተሩ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ከደከመ ይቀየር» አልን። ለነጋዴውም ተመቸው።

ኮምፒዩተር ከመኪና ይልቅ መሥሪያ ቤትን ይመስላል። ፕሮሰሰሩ ጸሐፊው ነው። ራም የሚባለው የጸሐፊው ጠረጴዛ ነው። ሃርድ ዲስኩ መዝገብ ቤቱ ነው። መቼም መሥሪያ ቤት ደጅ ያልጠና አንባቢ የለም። ጉዳያችሁ የተጓተተው ጸሐፊው እጁ ቀርፋፋ ስለሆነ ነበር? ፋይሉ ከመዝገብ ቤት ስላልወጣ እንጂ! ያንን ጸሐፊ አሰናብታችሁ እጥፍ ፈጣን ብትቀጥሩ፣ እሱም እጁን አጣጥፎ ፋይሉን ይጠብቃል። ጠረጴዛው ጠባብ የሆነ እንደሆነ ደግሞ አንዱን ፋይል ለመዘርጋት ሌላውን መዝገብ ቤት መመለስ ሊኖርበት ነው። ራም ያነሰው ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

የእኔ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን ያለው፣ እንደ ሸክላ ማጫወቻ በክንድና በመርፌ የሚያነብ ዓይነት ነው። አንዲት ቁራሽ መረጃ የተቀመጠችበትን ቦታ እስኪያገኝ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ትንሽ ትመስላለች፤ ዊንዶውስ ሲነሳ ግን እንዲህ ያለውን ፍለጋ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ያካሂዳል። የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ኤስ ኤስ ዲ ይህንኑ ፍለጋ በአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይጨርሰዋል። መቶ እጥፍ ማለት ነው። አሁን ይህን ከፕሮሰሰሩ ጋር አስተያዩት። በላፕቶፔ ውስጥ ያለው ኮር አይ ፋይቭ 4300ኤም ሽቅብ ሲወጣ 3.3 ጊጋ ኸርዝ ይደርሳል። ሊተኩልኝ ያሰቡት ኮር አይ ሴቨን 4700ኤምኪው ሽቅብ ሲወጣ 3.4 ነው። ልዩነቷን አያችኋት? እርግጥ ነው፣ አይ ሴቨኑ አራት ኮር አለው፤ የእኔው ሁለት ነው። ግን ፊደል ለሚለቅም ሰው አራቱ ኮር ምን ይሠሩለታል? አራት ጸሐፊ ተሰብስቦ አንድ ደብዳቤ በአራት እጥፍ ፍጥነት አይጽፍም። ሙቀቱስ? የነበረው እስከ 37 ዋት፣ የሚመጣው እስከ 47 ዋት ተብሎ የተሠራ ነው። ባትሪው ላይ መብራት ጠፍቶ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም።

ይህንን ለማወቅ ደግሞ መሐንዲስ መሆን አያሻም። ዊንዶውስ ያለው ሰው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ሲጫን ታስክ ማናጀር ይከፈትለታል። ማሽኑ እየተንፏቀቀ ሳለ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዞ ፕሮሰሰሩ 15 ወይም 20 በመቶ ላይ ተዝናንቶ ከታየ፣ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ሁለቱ ሱቆች ይህችን ደቂቃ ነፈጉኝ።

እኔ ያደረግሁት ይኸው ነው፦ ኤስ ኤስ ዲ አስገባሁ፤ ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋ ባይት አሳደግሁ፤ ማራገቢያው ከአያት የግንባታ አቧራ እንዲጸዳና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት እንዲታደስ አደረግሁ። ሁሉም ተደምሮ ለአይ ሴቨኑ ከተጠየቅሁት ገንዘብ አነሰ። አሁን አቦሉ ሳይቀዳ ሥራ እጀምራለሁ። ፕሮሰሰሩ ያው የጥንቱ፣ ያው አራተኛ ትውልድ ነው።

የተለጣፊዋ ነገር ግን ከእኔ ይልቅ የጎረቤቴን ቤት ጎድቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሥልጠና መርሐ ግብር ሲጀመር፣ እንደ ብዙ የሰፈራችን ልጆች የጎረቤቴ ልጅም ተመዘገበች። አባቷ የዕቁብ ዕጣ የወጣለት ጊዜ ነበርና ላፕቶፕ ልገዛላት ብሎ ሄደ። «ኮር አይ ሴቨን ነው፣ ስላይትሊ ዩዝድ» ብለው ሸጡለት። ዋሹት? አልዋሹትም። ተለጣፊዋ አይ ሴቨን ትላለች። ሙሉ ቁጥሩ ግን 4600ዩ ነበር፤ ያ ማለት ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ የእኔው የተናቀ አይ ፋይቭ እኩያ የሆነ፣ ኃይል ለመቆጠብ የተሠራ አራተኛ ትውልድ ነው። ውስጡም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ተቀምጦበታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ አራት ኮር አለው። ስለዚህ አንዱ አይ ሴቨን ከሌላው አይ ፋይቭ በግማሽ ያነሰ ይሆናል፤ ስሙ የማዕረግ ስም ነው እንጂ የችሎታ ምስክር አይደለም። በዚህ አገር በማዕረግ ስም ሰው ሲታለል ስንት ዘመን አይተናል፤ አሁን ዕቃውም ማዕረግ አገኘ። የጎረቤቴ ዕቁብ ያለቀው በዚህ ማዕረግ ላይ ነው።

ይህ ሰው ሲመክሩት ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ፕሮሰሰሩን ቀይርላት»። አይቻልም! እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልናገር። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁሉ የሚወልቅ አይደለም። የእኔው ቲ440ፒ ሶኬት አለው፤ ብሎኖቹ ተፈትተው ማቀዝቀዣው ሲነሳ ፕሮሰሰሩ እንደ ጥርስ ይወልቃል። በዚያው ጊዜ የወጣውና በስሙ የሚመስለው ቲ440 ግን ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷል። «ፒ» የምትለዋ አንዲት ፊደል ናት ልዩነቱን የያዘችው። ከኢንቴል በኩል ከአምስተኛው ትውልድ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2014 ማብቂያ ወዲህ በወጡት የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ዘንድ ሶኬት የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ሁሉም ብየዳ ነው። ላፕቶፑ እንዲሳሳና ማምረቻው እንዲረክስ ነው ይላሉ። ይሁን፤ ግን ሳስተን ስንገዛ ምን እንዳስረከብን ማን ነገረን? ሌላ መንገድ እንደሌለም አድርገው ያወራሉ። ፍሬምወርክ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ማዘርቦርዱ በቤት ውስጥ በአንድ ብሎን መፍቻ ተፈቶ በአዲስ የሚተካ ቀጭን ላፕቶፕ እየሸጠ ነው። መብየዱ የነጋዴ ውሳኔ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

የተበየደውንም በሙቅ አየር ነቅለው የሚተክሉ ልጆች አሉን። ማይክሮስኮፕ ሥር አጎንብሰው ከጤፍ ቅንጣት የምታንስ ዕቃ የሚቀይሩ፣ ኮፍያዬን የማነሳላቸው ባለሙያዎች ናቸው። እነሱን ብትጠይቁ ግን ራሳቸው «አያዋጣም» ይሏችኋል። የሚያውቅ ሰው መቀየርን አያበዛም።

እንግዲህ ፕሮሰሰር ጨርሶ አይቀየር እያልሁ አይደለም። በእኛው ብሎክ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወጣት አለ፤ እንደ እኔው ሶኬት ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው ያለው። ኤስ ኤስ ዲ አስገብቷል፣ ራሙን ሞልቷል፤ ቪዲዮው ተቀናብሮ እስኪወጣ ግን ያድራል። ታስክ ማናጀሩን ሲያየው ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ ላይ ቆሞ ያጣጥራል። ለእሱ «ቀይር» ብዬዋለሁ። አራት ኮር የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ነው፤ ሥራው ተከፋፍሎ ለአራቱም ይሰጣልና። 4702ኤምኪው የሚባለውን ቢያገኝ ደግሞ አራት ኮር ሆኖ በ37 ዋት ይኖራል፤ ማቀዝቀዣው አይጨነቅም። ባዮሱን አስቀድሞ ማደስ፣ ቻርጀሩም አቅሙ እንደሚበቃ ማየት አለበት። ከራሱ ትውልድ ውጪ ያለ ፕሮሰሰር ግን ሶኬቱ አይቀበልም። አራተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ቢሻሻል ቢሻሻል አራተኛ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ትልቁ ፈራጅ ይወስደኛል። ሱቆቹ ስምንተኛን ያለ ነገር አላነገሡትም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ዊንዶውስ 11ን ሲያወጣ፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ አልቀበልም አለ። እስከ ሰባት ድረስ የተቆጠረ ሁሉ ውድቅ! ከዚያም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አበቃ፤ ለግለሰቦች የተፈቀደው ማራዘሚያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ ነው። ምክንያቱ ደኅንነት ነው ተብሏል፤ አዳዲሶቹ የምስጢር መጠበቂያ ብልሃት አላቸው። ይህን ክርክር አልንቅም። ነገር ግን ዝርዝሩን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ የወጣው ኮር አይ ሴቨን 7700ኤችኪው፣ አራት ኮር ያለው ጎበዝ፣ ሰባተኛ ትውልድ ነውና ከደጅ ቀርቷል። ሁለት ኮር ያለው፣ ተማሪ የሚያለቅስበት ሴሌሮን ኤን4020 ግን ተጋብዞ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ላፕቶፕ «አርጅቷል» ሲባል ደክሟል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። ፕሮሰሰሬን ባስቀይር ኖሮ ደግሞ ገንዘቤን ከፍዬ ከዚያው ከተዘጋው በር ፊት እቆም ነበር። በጓሮ በር አሾልከው ዊንዶውስ 11ን የሚጭኑ ልጆች አሉ፤ ኩባንያው ለእንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ ስለመምጣቱ ዋስትና አልሰጥም ብሏል።

እኔ ሊነክስ ሚንት ጭኛለሁ። አማርኛ ይጻፍበታል? ይጻፍበታል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ለዚህ ፈቃድ የምንለምነው ኩባንያ የለም፤ ኪማን አለ፣ ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት የፊደል ቅርጾች አሉ፣ ሊብሬ ኦፊስ አለ፤ ሁሉም በነፃ። ለሁሉ ሰው ይሆናል ብዬ ግን አልሰብክም። የሒሳብ ሠራተኛ ከሆናችሁ ፒችትሪ እዚያ ላይ ወጉን አግኝቶ አይሠራላችሁም። ስለ ፒችትሪ ካነሳሁ አይቀር፦ ባለቤቱ ኩባንያ ስሙን ለውጦ ሴጅ 50 ካለው ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ እኛ ግን ዛሬም በ2010ሩ ፒችትሪ እናስተምራለን፣ በእሱው እንቀጥራለን። አሮጌውን ፕሮግራም የሙጥኝ ያለ መሥሪያ ቤት፣ የሚያስኬደውን ላፕቶፕ «ጀነሬሽኑ አልፎበታል» ብሎ ግምጃ ቤት ይወረውረዋል።

መሥሪያ ቤቶችን ዝም ብዬ አላልፍም። የማነባቸው የጨረታ ማስታወቂያዎች ለደብዳቤ መጻፊያ ሳይቀር «ኮር አይ ሴቨን» ይላሉ። ለሠራተኛው ለምን አይ ሴቨን አስፈለገው? ስንት ኮር? ዲስኩ ምንድን ነው? ራሙ የሚጨመር ነው ወይስ የተበየደ? ስለ መለዋወጫውስ? ይህ አይጠየቅም። የሰፈሬ ሰው በሙሉ የዚህን አጠያየቅ ውጤት በዓይኑ አይቶታል። ቀላሉ ባቡር በ2008 ዓ.ም. ከአያት ሲነሳ 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው፣ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ቀሪዎቹን ሲጠብቅ ከርሟል። ባቡሩ ስንተኛ ጀነሬሽን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም፤ ሲበላሽ በምን ይጠገናል ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ካለም ድምፁ አልተሰማም።

ነጋዴው መልስ እንዳለው አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ደንበኛው ራሱ አይ ሴቨን እያለ ይመጣል፤ እኔ የተጠየቅሁትን እሸጣለሁ» ይላል። ደንበኛውን አይ ሴቨን ማለት ማን አስተማረው? መስታወቱ ላይ በትልቁ የለጠፈው ማን ነው? ፋርማሲስትም ቢሆን ሰው ስለጠየቀው ብቻ መድኃኒት አያድልም።

የጎረቤቴን ልጅ ላፕቶፕ በሚመለከት፣ ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ በኤስ ኤስ ዲ ተተክቷል፤ አባቷ ለዚህ ሁለተኛ ወጪ ከሚቀጥለው ወር ደመወዙ ላይ ተበድሯል። ትምህርቷን ቀጥላለች። የተበደረው ገንዘብ ሲገዛ የአምስት ደቂቃ እውነት ቢነገረው ኖሮ የማይወጣ ነበር። ስለዚህ ከሱቆቹ የምጠይቀው ምሕረት ሳይሆን ካርቶን ነው። ዋጋ የሚጽፉባት ያቺ ትንሽ ካርቶን ላይ «አይ ሴቨን» ብቻ አይጻፍ። ዲስኩ የሚሽከረከር መሆኑ ይጻፍ፣ ራሙ ስንት እንደሆነና እንደሚጨመር ይጻፍ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ይጻፍ፤ የፕሮሰሰሩም ቁጥር እስከ መጨረሻው ይጻፍልን፣ «ዩ» የምትለዋን ፊደል ጨምሮ።